ሴቶችን በኢንተርኔት ማዋረድ የሚያስከትለው ጉዳት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ጥፋት መናገር ደስታን ማደፍረስ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዓል የተሠራውን ማመስገኛ ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም መመልከቻ ስለ ሆነ፣ በትዕግሥት እንድታደምጡኝ እለምናለሁ።

አባቶቻችን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይላሉ። ዱሮ ወሬ ከምንጭ ተነሥቶ ገበያ ሲደርስ ይደክም ነበር፤ ዛሬ ግን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሳይመሽ አገር ያዳርሳል። ዩኔስኮ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሴት ጋዜጠኞች መካከል ከመቶ 73ቱ በኢንተርኔት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው፣ ከመቶ 20ዎቹም ከዚሁ የተያያዘ ጥቃት በአካል እንዳገኛቸው ተናግረዋል።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። በሰፈሬ የምትኖርና በሌላ ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጠራም፤ ይህንንም የምናገረው ፈቅዳልኝ ነው። በክርክር የሚረታት አልነበረም። ዓምና ፊቷ ከሌላ ሰው ገላ ጋራ የተቀጠለበት የሐሰት ፎቶግራፍ ተበተነ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ስቄም ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ከክርክር ማኅበር ቀረች፤ በክፍል እጅ ማውጣት ተወች፤ ወላጆቿም ስልኳን ወሰዱባት። እኛ ላኪዎቹ ግን ምንም አልጎደለብንም። ጥፋቱ የእኛ ሲሆን ቅጣቱ የእርስዋ ሆነ።

ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ «ሐሰት መሆኑን ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር።

የ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር ሰውን የሚያስፈራራውንና ስም የሚያጠፋውን እንደሚቀጣ ተጽፏል። ነገር ግን የተበደለችው ካልተናገረች ሕጉ በወረቀት ይቀራል፤ የምትናገረውም የሚያምናት ስታገኝ ነው።

ስለዚህ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ እያለቀሰች ብትመጣ አስቀድማችሁ «ምን አድርገሽ ነው?» አትበሏት፤ የተላከውን ለማስረጃ አስቀምጡ፤ ከጎኗም ቁሙ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርሳችሁ ከእናንተ አይለፍ። እኔ «ለሁለት ሰው ብቻ ነው» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር፤ ሁሉም ለሁለት ለሁለት ሲልክ ግን አገር ይሞላል።

ልጅቱ እስከ ዛሬ ወደ ክርክሩ አልተመለሰችም። የእኔ ይቅርታም አልመለሳት።