ብቃት በነፃ አይመዘንም
(ለመምህራን ስብሰባ ከተደረገ ንግግር)



«ብቃትን መሠረት ያደረገ ትምህርት» የምትለዋ ሐረግ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ትነሣለች። ተማሪው ስንት ዓመት ወንበር አሞቀ ሳይሆን ምን መሥራት ቻለ ተብሎ ይመዘን ነው ነገሩ። በሐሳቡ ጠብ የለኝም። የሚከነክነኝ «ወጪም ይቀንሳል» የምትለዋ ማባበያ ናት። የማንን ወጪ? ሒሳቡንስ ማን ሠራው?

እስቲ ተሳካ ወደሚባልበት አገር እንሂድ። አሜሪካ ያለው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 በ19 የግዛት ገዥዎች ተመሠረተ። ተማሪው የሚከፍለው በኮርስ አይደለም፤ ለስድስት ወር አንድ ቁርጥ ዋጋ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻለውን ያህል ቢጨርስ ተጨማሪ አይጠየቅም። ለጎበዝ ተማሪ ሠርግና ምላሽ ነው። ለተቋሙ ግን ቶሎ የጨረሰ ተማሪ ቶሎ መክፈል ያቆመ ተማሪ ነው። ታዲያ እንዴት ቆመ ቢሉ፣ በብዛት ነው። ተማሪው ከመቶ ሺህ በላይ ስለሆነ አንድ ምዘና ለማዘጋጀት የወጣው ገንዘብ ለሺዎች ይካፈላል። የመምህሩም ሥራ ተበጣጥሷል፤ አንዱ ይመክራል፣ ሌላው ያስተምራል፣ ሦስተኛው ያርማል።

እንዲያም ሆኖ ከጣጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2017 የትምህርት ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ፣ መምህራኑ ከተማሪው ጋር ሕጉ የሚጠይቀው ግንኙነት የላቸውም ብሎ 712 ሚሊዮን ዶላር ይመለስ አለ! ሚኒስቴሩ በ2019 አይመለስም ብሎ ዘጋው እንጂ ዩኒቨርሲቲው አለቀለት ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በቴክኒክና ሙያ ያላችሁ ሲኦሲን ታውቁታላችሁ። ብየዳ የሚመዘን ልጅ ኤሌክትሮድ ይፈጃል፣ ብረት ይቆርጣል፤ መዛኙ አበል ይፈልጋል፤ ማሽኑ ደግሞ ጥገና ይጠይቃል። ይህ ወጪ በሚቀጥለውም ልጅ ላይ እንደገና ይመጣል፤ በብዛት አይረክስም። በዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሠራ ምርጫ ስለሆነ ነው የቀለለን። ነርሷ መርፌ መውጋት መቻሏን ግን «ሀ፣ ለ፣ ሐ» አይነግረንም፤ አጠገቧ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ደመወዝተኛ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከመጽደቁ በፊት የአንድ ተማሪ ምዘና ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ፣ ለጋሹ ሲሄድ ማን እንደሚከፍል በወረቀት ይቅረብልን። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ እኔ በበኩሌ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም።