ድርጅት ሲሸጥ ዓመታችን አብሮ አይሸጥም
(ሴቻ በተካሄደው ወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔም የመረጥኩት ብዙዎቻችን ቁጠባ መሆኑን የማናስተውለውን የአገልግሎት ዘመናችንን ነው። ይህ ቁጠባ የሚፈተነው የምንሠራበት ድርጅት ወደ ሌላ ባለቤት ሲዛወር ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. የቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ ሲቋቋም፣ ሥራ አመራሩ ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። በአዲሱ መዋቅር ምደባ ያላገኙ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ተሰናበቱ። እንዲህ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ላይ የደረሰ በትንሹም ይደርሳል።

ባለቤት ሲለወጥ ከሁሉ በፊት የሚለወጠው የሥራ ቦታው ጠባይ ነው። አብሮ ቡና መጠጣት ይቀራል። ሰው ሁሉ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳይኖር እየፈራ ከጓደኛው ይሸሻል። ያረገዘች ሆዷን ትደብቃለች። የቀሩት ደግሞ የተባረሩትን ሥራ ደርበው እየሠሩ፣ «እንኳን እኔ ተረፍኩ» ብለው ዝም ይላሉ። በጋሞ ባህል ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ይመክሩበታል። ቢሮ ውስጥ ግን በየጥጉ ማንሾካሾክ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ነው ወረቀት የሚመጣው።

አንዲት እህታችን እንዲህ ባለ ጊዜ «ለሁሉም የተሰጠ ነው፣ ፈርሚ» ተብላ አዲስ ውል ቀረበላት። ውሉ ሥራ የጀመረችው ያን ዕለት እንደሆነ ይላል። 9 ዓመቷ በአንድ ገጽ ሊጠፋ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ድርጅት ሲዋሃድ፣ ሲከፈል ወይም ባለቤትነቱ ሲተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። ዓመታችን ወደ አዲሱ ባለቤት አብሮን ይሻገራል ማለት ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ደመወዟ በወር 6,000 ብር፣ በቀን 200 ብር ነው እንበል። በሠራተኛ ቅነሳ ብትሰናበት፦

ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፦ 6,000 ብር
ለቀሪዎቹ 8 ዓመታት፣ ለእያንዳንዱ የዚህ ሲሶ፦ 16,000 ብር
ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፦ 12,000 ብር
ድምር፦ 34,000 ብር

አገልግሎቷ 1 ዓመት ብቻ ተብሎ ከተቆጠረ ግን የሚደርሳት 18,000 ብር ነው። የዚያች ፊርማ ዋጋ 16,000 ብር ነበር። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ብትፈርም ደግሞ የቅነሳ ክፍያውን ጨርሶ ልታጣው ትችላለች።

ከዚህ ሌላ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ማን እንደሚቀነስ አሠሪው ብቻውን አይወስንም፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። በችሎታና በምርታማነት እኩል ከሆኑት መካከል ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ከሚቀነሱት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሆድ መደበቅ ጥቅም የለውም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የደመወዝ መዝገብ ስለምሠራ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የደመወዝ ዕድገት ደብዳቤዎቻችሁን ቅጂ ቤት አስቀምጡ። በግል ድርጅት የምትሠሩ፣ ከእናንተ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ በስማችሁ ገቢ መሆኑን ጠይቁ። ያልገባችሁን ወረቀት «አንብቤ ነገ አመጣለሁ» በሉ። ጊዜም አታሳልፉ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ከሁሉ በላይ ብቻችሁን አትቁጠሩ። 10 ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ያ ባይኖር እንኳ እኛ አለን። ወረቀት የቀረበላት እህት ከመፈረሟ በፊት ወደዚህ ስብሰባ ታምጣው፤ እኔ በሒሳቡ በኩል ያለውን በነፃ አብሬያት አያለሁ። እዚህ የምንሰበሰበው ብር ለማዋጣት ብቻ አይደለምና፣ አንዳችን የአንዳችንን ዓመት እንጠብቅ።