ብረትን የሚያጋጥም እጅ፦ ብየዳ፣ ሐውልትና የሠሪው ስም

(ባሕር ዳር ላይ የቀረበ የአደባባይ ንግግር ጽሑፍ)



ሐውልት ስናይ «ለማን ቆመ?» ብለን እንጠይቃለን፤ «ማን ሠራው?» የምንለው ግን ከስንት አንዴ ነው። የዛሬው ንግግሬ በብየዳ ስለሚሠሩ ቅርጾችና መታሰቢያዎች ሲሆን፣ ዋና ጉዳዬ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የብረት ሥራ ለጣና አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ አሠርተዋል። ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። ምስሉም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የአውሮፓውያኑን ስም፣ ለምሳሌ የቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ መጻሕፍት ያነሣሉ። ጭቃ ያቦካውን፣ ከሰል ያከሰለውን፣ ወናፍ የነፋውን ኢትዮጵያዊ ግን በስሙ የሚጠራው የለም።

ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» እያልን ስንሰድብ፣ በቡዳነት ስንጠረጥር ኖረናል። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ከነበሩት አንጥረኞች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ይወስዳል፤ በማዕዱ ግን አያስቀምጣቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ንቀቱ ግን በአንድ ቀን የሚነቀል አልነበረም።

ወደ ብየዳ ልምጣ። ጥንታዊው የመስቀል አሠራራችን ማቅለጥና ማፍሰስ ነው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ በቦታው ይፈስሳል። ብየዳ ከዚህ ይለያል። የኤሌክትሪኩ ብልጭታ የሁለቱን ብረቶች ጠርዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግላል፤ ጠርዞቹ ከኤሌክትሮዱ ጋር አብረው ይቀልጡና ሲቀዘቅዙ አንድ አካል ይሆናሉ። ለዚህ ትልቅ ማቅለጫ አያስፈልግም። በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ማሽኑም፣ ግራይንደሩም፣ ላሜራውም፣ ቱቦላሬውም አለው። ቁራሌው የሰበሰበው ጥርስ፣ ሰንሰለትና ቁራጭ ፌሮ ደግሞ የቀድሞ ሥራውን አሻራ እንደያዘ ወደ ቅርጹ ይገባል።

ጥበቡ በሌላውም ዓለም ከሠራተኛ ቤት የወጣ ነው። ስፔናዊው ሁሊዮ ጎንዛሌዝ ብየዳን የተማረው እ.ኤ.አ. በ1918 በሬኖ ፋብሪካ ሲሠራ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ለፒካሶ የብረት ቅርጾች ብየዳውን ያከናወነው እርሱ ነበር። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ካበቃ በኋላ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከ1995 ጀምሮ ጠመንጃን በእርሻና በሥራ መሣሪያ ይለውጥ ነበር። ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች የተቆራረጡትን ጠመንጃዎች በይደው ወንበር፣ እንስሳና ዛፍ ሠሩ። «የሕይወት ዛፍ» የተባለው ሥራ ዛሬ በብሪታኒያ ሙዚየም ይገኛል። ቀርበው ሲያዩት አፈሙዙና ሰደፉ ይለያል። መተኮስ አይችልም፤ የተተኮሰበትን ዘመን ግን አይደብቅም። የተኩስ ድምፅ ላልራቀው ለእኛ አካባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ግቢ የመታሰቢያ ቅርጽ ነደፍኩ። ብየዳውን የሠራው በር በመሥራት የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። ንድፌ ላይ እግሩ የቀጠነውን ምስል አይቶ «ይሄ ንፋስ አይችልም፣ ጋሼ» አለኝ፤ ከውስጥ ፌሮ አስገብቶ አጠናከረው። ውኃ እንዳይቋጥር ከሥር ቀዳዳ በሳለት። የብየዳውን ቅርፊት እየጠረገ አንቲረስት ቀባው፤ በሐይቅ ዳር እርጥበት ዝገት የሚጀምረው ከመጋጠሚያው መሆኑን ያውቅ ነበርና። በምረቃው ቀን ሰሌዳው ላይ የእኔ ስም ነበር፤ የእርሱ አልነበረም። ሰሌዳውን አነበበ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎኝ ሄደ። ቅርጹ እስከ ዛሬ የቆመው በእርሱ እውቀት ነው። ስለ ጋፋት ሠራተኞች ስም መጥፋት ሳስተምር የኖርኩት እኔ፣ በገዛ እጄ ያንኑ ደገምኩት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ የነዳፊው ስም ሲጻፍ የበያጁም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥነ ጥበብ የሚማሩና ብረታ ብረት የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ወርክሾፕ ይገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የብረት ሥራን በትምህርት ደረጃ ያስተማረባት ከተማ ለዚህ መሠረት አላት። ሦስተኛ፣ መታሰቢያ ሲታቀድ የእድሳቱ ወጪ አብሮ ይታቀድ፤ የዛገ መታሰቢያ የመርሳታችን ምስክር ይሆናልና።

የሞቱትን የምናስብበትን ሐውልት በሕይወት ያለውን ሠሪ እየረሳን ልናቆመው አይገባም። ያን ባለሙያ ባለፈው ዓመት ፈልጌ አገኘሁት። አዲስ ሰሌዳ ተሠርቷል፤ ሁለት ስም አለበት። የበየደውም እርሱ ነው።