ስለ ክትክታ
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በጊደር መጋላ በማገዶ ሸክም ውስጥ ስለምናየው ቍጥቋጦ፣ በኦሮምኛ ኢተቻ ስለሚባለው ስለ ክትክታ ነው። ነገሩን ያነሣነውም በምክንያት ነው። ከመካከላችን አንዱ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ቈሰለ፤ እኛም እንደ ልማዱ የክትክታ ቅጠል ወቅጠን አሰርንለት። ቅጠሉንም ቍስሉንም አላጠብንም ነበርና በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ትኵሳት ያዘው፤ ሐኪም ቤት ሄዶም በመርፌ ዳነ። በዚህ ጊዜ «የአያቶቻችን መድኃኒት ከንቱ ነውን?» ብለን መምህራችንን ጠየቅናቸው።

ከንቱስ አይደለም። የክትክታ ቅጠል የሚያብረቀርቀውና እጅ ላይ የሚጣበቀው ሙጫ ስላለበት ነው፤ በውስጡም ፍላቮኖይድ የሚባሉ ነገሮች ይገኛሉ። ሊቃውንት ቅጠሉን በአልኮል ዘፍዝፈው ያወጡትን ጭማቂ በላቦራቶሪ ሲፈትኑት፣ ቍስልን የሚያመግለውን ስታፊሎኮከስ የተባለውን ጀርም እንዳይራባ እንደሚገታው ታይቷል። ነገር ግን በብርጭቆ ሳሕን ላይ የታየው በሰው ገላ ተፈትኖ መጠኑና ጉዳቱ ሳይታወቅ መድኃኒት አይባልም። ፍሌሚንግ ሻጋታ ባክቴሪያን ሲያጠፋ ያየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ነበር፤ ፔኒሲሊን ተጣርቶ ለበሽተኛ የደረሰው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። የአያቶቻችንም ዕውቀት እንዲሁ የምርምር መነሻ ነው።

ስለ አበቃቀሉም ጥቂት እንበል። ክትክታ በአገራችን ከ500 እስከ 2,900 ሜትር ከፍታ ድረስ ይበቅላልና 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለችው ሐረር ትስማማዋለች። ድንጋያማና የተራቈተ ኰረብታ አያስፈራውም፤ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ግን አይወድም። ከብት ብዙም ስለማይበላው ሌላው ተክል ባለቀበት ስፍራ እርሱ ይቀራል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ክንፍ ያለውን ፍሬውን ነፋስ ይበትነዋል። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለ ሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ቢዘፈዘፍ ቶሎ ይበቅላል።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ስለ ዕፀዋት የምታውቁትን ንገሩን፤ እኛም እንጽፈዋለን። ቍስል ሲያጋጥመን ግን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥበን ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። ለማገዶ የምንቈርጠውንም ክትክታ ክረምት ሲገባ መልሰን እንዝራ፤ ተክሉ ከጠፋ የሚመረመር ነገር አይኖርምና።