ስለ ውኃ ድብ አንጀትና ስለ ሕዋሳቱ



ውኃ ድብ የሚባለው ባለ ስምንት እግር ፍጥረት፥ ትልቁ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ጀርመናዊው ጎዜ እ.ኤ.አ. በ1773 ገለጠው፤ ጣልያናዊው ስፓላንዛኒም በ1776 «ዘገምተኛ» ብሎ ሰየመው።

በሣረንስት ላይ የሚኖረው ዝርያ ሣረንስቱ ሲደርቅበት እግሮቹን ሰብስቦ እንደ በርሜል ይኮማተራል፤ በሰውነቱም የሚቀረው ውኃ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ውኃ ሲያገኝ ግን እንደገና ይራመዳል። ስለዚህ ብዙዎች «ሞቶ ተነሣ» ይላሉ። አነጋገሩ ጆሮ ይስባል እንጂ ትክክል አይደለም፤ ተማሪንም ያሳስታል።

ማስረጃው ከአንጀቱ ይገኛል። የአንጀቱ ፊተኛና ኋለኛ ክፍል ልባስ አለው፤ ፍጥረቱ ቆዳውን በለወጠ ቍጥር (ይህም የሚያስደንቅ ነው) የጕሮሮውንም ልባስ አብሮ ይጥላል። መካከለኛው አንጀት ግን በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሠራ ነው። እነዚህም ጣት በሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን ቅጥያዎች ምግብን ይመጣሉ፤ ስብና ግላይኮጅንም ያከማቻሉ። ችግር ሲጸና ስንቁ ይጎድላል፤ ሕዋሱም የተበላሹ ክፍሎቹን ራሱ ይፈጫቸዋል፤ ይህ አውቶፋጂ ይባላል። በአንዳንድ ዝርያዎችም የሞቱትን የሚተኩ ሕዋሳት በመካከለኛው አንጀት ጫፎች ይገኛሉ።

በድርቀት ጊዜ ሕዋሱ ይሟሽሻል። ሆኖም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ኒውክለሱም፥ ሚቶኮንድሪያውም፥ ሽፋኖቹም በቦታቸው ናቸው። ሥራው ቆሟል፤ አሠራሩ ግን አልፈረሰም። የሞተ ሕዋስ ውኃ ቢያገኝ ይበሰብሳል እንጂ ሥራውን አይቀጥልም። ውኃ ድብም ቢሆን ደርቆ በቆየ መጠን ጉዳቱ ስለሚከማች ለመንቃት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል፤ እጅግ የቆየውም ሳይነቃ ይቀራል።