እሺታ ሁሉ ፈቃድ አይደለም

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን በዚህ ምሽት ስለ ሕክምናና ስለ ምርምር ሥነ ምግባር እንድንናገር ስለ ፈቀደልን አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የምንናገረው እንደ ሊቃውንት አይደለም። በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፋችን መረጃ ለመሰብሰብ ወደየገጠሩ የምንወጣ ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ደግሞም ባለፈው ጊዜ ባደረግነው ስሕተት ኅሊናችን ስለ ወቀሰን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ሆነን ለጥናት ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ወርደን ነበር። ከቤት ወደ ቤት እየዞርን ስለ ጤና እንጠይቃለን፤ ከጣትም ጥቂት ደም እንወስዳለን። በእጃችን የፈቃድ ቅጽ የሚባል ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ቀኑ አጭር፣ መንገዱ ረጅም፣ የታዘዝነውም የሰው ቁጥር ብዙ ነበርና ቅጹን የምናነበው እየተጣደፍን ነበር። አንዲት እናት ቡና ጥደው በደስታ ተቀበሉን። ወረቀቱን አንብበን ስንጨርስ፣ «እሺ ልጆቼ፤ ጣቴን የት ላኑር?» አሉን። አሻራቸውን አኖሩ፤ ደማቸውም ተወሰደ። ልንወጣ ስንነሣ ግን፣ «እንግዲህ መድኃኒቱን መቼ ታመጡልኛላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ጥናቱ መድኃኒት የሚሰጥ አልነበረም። ይህም በሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፎአል፤ እኛም አንብበንላቸዋል። እርሳቸው ግን የተረዱት ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «እናያለን እማማ» አለና ወጣን። በመዝገባችን ላይ ግን «ፈቃደኛ» ተብለው ተጻፉ።

አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለዋል። እሺ ማለት በአገራችን የጨዋነት ምልክት ነው። እንግዳን ላለማሳፈር እሺ ይባላል፤ ሹምን ፈርቶ እሺ ይባላል፤ የተማረን ሰው አክብሮ እሺ ይባላል፤ «እሺ ነገ» የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ እምቢታ ነው። እንግዲህ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አስከትሎ የሚመጣ ተማሪ «እሺ» የሚል ቃል ሲሰማ ከእነዚህ ከብዙዎቹ የትኛውን እንደ ሰማ በምን ያውቃል? ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ ባለሙያ አለ። እርሱም የሕክምና ሥነ ምግባር ባለሙያ ነው፤ ትምህርቱም ባዮኤቲክስ ይባላል።

ይህ ባለሙያ ሐኪሙን ሊከስ የተቀመጠ ዐቃቤ ሕግ አይደለም። የምርምር ዕቅድ ሲቀርብለት ጥቂት ቀላል ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ሰውየው የሚደረግበትን ነገር በእርግጥ ተረድቶአልን? እምቢ ቢል የሚቀርበት ነገር ይኖራልን? ድካሙንና ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው፤ ጥቅሙንስ የሚወስደው ማን ነው? ጥያቄዎቹ ቀላል ቢሆኑም ያልተጠየቁበት ዘመን ብዙ ሰው ጎድቶአል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ በተደረገው የሐኪሞች ችሎት 23 ሰዎች ለፍርድ ቀርበው ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሐኪሞች ነበሩ። በእስረኞች ላይ ያለ ፈቃዳቸው ጭካኔ የተሞላበት ሙከራ በማድረግ ተከሰሱ። ችሎቱ በ1947 ፍርዱን ሲሰጥ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ሙከራ የሚደረግበት ሰው በነጻ ፈቃዱ መስማማቱ ፈጽሞ አስፈላጊ መሆኑን የሚናገር ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም በ1964 የሄልሲንኪን መግለጫ አወጀ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ታርሞ በመጨረሻ በ2024 ተሻሽሎአል።

«ያ የናዚዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ታሪክ እንመልከት። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በቱስኪጊ ከተማ አካባቢ የመንግሥት የጤና አገልግሎት በ1932 አንድ ጥናት ጀመረ። 399 የቂጥኝ በሽታ ያለባቸውና 201 በሽታው የሌለባቸው ጥቁር ወንዶች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። የተነገራቸው «መጥፎ ደም» ስላለባችሁ እናክማችኋለን የሚል ነው፤ ምርመራ፣ ምሳና የቀብር ወጪ በነጻ ይሰጣቸው ነበር። እነርሱ የምንታከም ነን ብለው ያምኑ ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን በሽታው ሳይታከም የት እንደሚደርስ ይመለከቱ ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ተከለከሉ። ጥናቱ እስከ 1972 ድረስ አርባ ዓመት ቆየ፤ የቆመውም ፒተር በክስተን የተባለ የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ሠራተኛ ምስጢሩን ለጋዜጠኛ ካወጣ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ ነው። ጥናቱ ከሐኪሞች ዓለም የተሰወረ አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ ውጤቱ በሕክምና መጽሔቶች ይታተም ነበር። መምህራንና ተማሪዎች አንብበውታል፤ ቁጥሩንም ተመልክተዋል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው «ይህን ያውቃልን?» ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ግን እጅግ ጥቂት ነበር። እኛ ያደረግነው ከዚህ ጋር የሚስተካከል በደል አይደለም። ነገር ግን እኚያ እናት «መድኃኒቱን መቼ ታመጡልኛላችሁ?» ሲሉ የተናገሩት ቃል የቱስኪጊ ገበሬዎች በልባቸው ይዘውት የኖሩት ተስፋ ነው። በደሉ ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚገባበት በር አንድ ነው፤ ይኸውም ምርምርን ሕክምና አስመስሎ ማሳየት፣ ወይም ሲመስል አይቶ ዝም ማለት ነው።

ከዚህ ነውር የተነሣ በአሜሪካ በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ፤ በ1979ም የቤልሞንት ሪፖርት የሚባለው ጽሑፍ ሦስት መሠረቶችን አቆመ። እነርሱም ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ ናቸው። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1997 በሕይወት የተረፉትን ሰዎች በአገሩ ስም ይቅርታ ጠየቀ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በወላይታ የዝሆኔ እግር ያለባቸው ብዙ ወገኖች አሉ። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጫማና እግርን በመታጠብ ይከለከላል። ተመራማሪዎች አንዳንዱ ሰው ሲታመም ሌላው ለምን እንደሚተርፍ ለማወቅ በዘር የሚወረስ ነገር መኖሩን ሊመረምሩ ዐሰቡ። ነገር ግን ሕመሙ ያለበት ሰው ከጋብቻና ከማኅበር የሚገለልበት አገር ነው። «በሽታው በዘር ነው» የሚል ወሬ ቢወጣ የታማሚው ብቻ ሳይሆን የእኅቱና የልጁም ዕድል ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ደም ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ሌላ ጥናት አደረጉ። ታማሚዎችን፣ ጎረቤቶችንና የመስክ ሠራተኞችን ጠየቁ። ሕዝቡ የሚያምነው ማንን ነው? የሚያስፈራውስ ምንድን ነው? ምርምሩ እንዴት ቢነገር ሰው ሳያሳፍር ይገባል? ያገኙትን በ2009 አሳተሙ፤ የፈቃድ አጠያየቁንም በዚያው መሠረት አስተካከሉ። የዘር ምርምሩ በ2012 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ። አስቀድሞ መጠየቁ ሳይንሱን አላሰናከለውም። እንዲያውም ሕዝቡ የተከበረበት ምርምር ፍሬ እንደሚያፈራ አሳየን። የሥነ ምግባር ባለሙያ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የቅርብ ምሳሌ አናውቅም።

ይህ ሁሉ ስለ ምርምር ነው። በሆስፒታል ውስጥስ? አንድ አባት በካንሰር ታመው ተኝተዋል እንበል። ልጆቻቸው ሐኪሙን በር ላይ ይዘው፣ «ዶክተር፤ እባክዎ ለአባታችን እንዳይነግሩብን» ይላሉ። በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ይነገራል። ይህ ባህል ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አባትየው መሬታቸውን ሊያወርሱ፣ የተጣሉትን ሊታረቁ፣ ንስሓ ሊገቡ ይፈልጉ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የሥነ ምግባር ባለሙያ «የግድ ይነገራቸው» ወይም «ፈጽሞ አይነገራቸው» ብሎ አይፈርድም። ሐኪሙ በሽታው ገና ሳይረጋገጥ፣ «አባባ፤ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለሚመርጡት ሰው?» ብሎ እንዲጠይቅ ይመክራል። በዚህ መንገድ ባህሉም ይጠበቃል፤ የሰውየውም ፈቃድ አይሻርም።

ደግሞ ጥቂት መሣሪያ ለብዙ ሕመምተኛ ሲሆን ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ አለ። በሲያትል ከተማ የኩላሊት ማጠቢያ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ የሚታከመውን የሚመርጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበር። በ1962 አንድ መጽሔት ይህ ኮሚቴ የሰውን ገቢ፣ ትዳርና ትምህርት ጭምር እንደሚመዝን በገለጸ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። ሰውን በኑሮው ደረጃ እየመዘኑ ሞትና ሕይወት ማደል ፍትሕ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ግልጥ ሆነ። መሣሪያው በጎደለበት በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የየዕለት ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «የሥነ ምግባር ቦርድ ሥራችንን ከማዘግየት በቀር ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ወረቀት ሲበዛ፣ መልስ ሲዘገይ እኛም ተማርረናል። ነገር ግን ቦርዱ ያጸደቀው የእኛን ወረቀት እንጂ እኛ በዚያች ጎጆ ውስጥ ያደረግነውን አይደለም። ማኅተም ያለበት ቅጽ በእጃችን ነበረ፤ ሰውን ማክበር ግን ከእጃችን ጠፋ። ስለዚህ ጥፋቱን በቦርዱ ላይ ልናላክክ አንችልም።

እንግዲህ ለማኅበራችን አባሎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቅጹን አንብበን ስንጨርስ «ገባዎት?» ብለን አንጠይቅ፤ የሚሰጠን መልስ «አዎን» ብቻ ነውና። ይልቁንም፣ «እኛ ምን ልናደርግ እንደ መጣን እስቲ በራስዎ ቃል ይንገሩን» እንበል። ሁለተኛ፣ የቀበሌ ሹም በአጠገባችን ቆሞ ሳለ ፈቃድ አንጠይቅ። ሦስተኛ፣ እምቢ ያለንን ሰው አመስግነን እንውጣ፤ በቁጥራችን መጉደልም አንዘን። መምህሮቻችንንም የምንለምነው አለ። የምታዝዙልን የሰው ቁጥር ከሰው ጋር ተቀምጠን ለመነጋገር ጊዜ የሚተርፈን ያህል ይሁን።

እኛም ስድስታችን ወደዚያች ቀበሌ ተመልሰን ለመሄድ ቆርጠናል። ለእኚያ እናት መድኃኒት እንደማይመጣ በግልጥ እንነግራቸዋለን፤ ደማቸው ለምን እንደ ተወሰደ እናስረዳቸዋለን፤ ከመዝገባችን ውጡ ቢሉንም እናወጣቸዋለን። ሊቆጡን ይችሉ ይሆናል። ቁጣቸውንም ብንሰማ፣ ከቡናው ጋር ከተሰጠን «እሺ» ይልቅ እርሱ የእውነት መልስ ይሆናል።