አንድ መልክ የሌላቸው ፕሮቲኖች

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ለሰሚው ከኑሮ የራቀ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ከማድ ቤት እንጀምራለን። እንቁላል ሲቀቀል ይጠጥራል፤ ወተት ግን ቢፈላ ይገነፍላል እንጂ አይጠጥርም። በእንቁላሉ ነጭ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተጣጥፎ እንደ ተቋጠረ ክር ነው፤ ሙቀት ቋጠሮውን ሲፈታው ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይረጋሉ። በላም ወተት ካለው ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ ካዜይን ነው፤ ካዜይን ደግሞ ከመጀመሪያውም የጠበቀ ቋጠሮ ስለሌለው ሙቀት የሚፈታበት ነገር የለም። ወተቱ ኮምጥጦ አሲዱ የካዜይኑን ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ሲያጠፋበት ግን ክሮቹ ይያያዛሉ፤ አሬራ ሲሞቅ አይብ የሚወጣውም ስለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑን፣ ሰንሰለቱም ተጣጥፎ አንድ ቅርጽ እንደሚይዝና ሥራው ሁሉ ከዚያ ቅርጽ እንደሚመጣ ነው። ይህ ትምህርት መሠረት የሌለው አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን፤ ኤሚል ፊሸር በ1894 ኤንዛይምንና የሚሠራበትን ነገር በጓጉንቸርና በመክፈቻው መሰላቸው። ጆን ኬንድሩ በ1958 የማዮግሎቢንን ቅርጽ በኤክስ ሬይ አሳየ፤ በ1962ም ከማክስ ፔሩትዝ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው፣ ቅርጽ የሌለው ፕሮቲን ሥራም የለውም ወደ ማለት አዘነበለ።

ይሁን እንጂ የኤክስ ሬዩ ዘዴ ፕሮቲኑ እንደ ጨው ክሪስታል እንዲሆን ይጠይቃል። የማይረጋው ክፍል በሥዕሉ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በቀላሉ ይታለፋል። በ1999 ፒተር ራይትና ጄን ዳይሰን የተሰበሰበውን ማስረጃ አቅርበው የቅርጽና የሥራ ሕግ እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። ዛሬ ከሰው ፕሮቲኖች ርዝመት ሲሶ ገደማ የሚሆነው ቋሚ ቅርጽ እንደማይይዝ ይገመታል። እነዚህ ክፍሎች የተበላሹ አይደሉም። ውሃን የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ጥቂት፣ ቻርጅ ያላቸው ደግሞ ብዙ ስለ ሆኑባቸው እንደ ሌሎቹ አይቋጠሩም። በዚህም ምክንያት አንዱ ከብዙዎች ጋር ሊሠራ ይችላል። እንዲያውም ፕሮታይሞሲን አልፋና ሂስቶን ኤች 1 የተባሉት ሁለቱም ሳይረጉ እጅግ ጠብቀው እንደሚያያዙ በ1918 ሳይሆን ገና በቅርቡ፣ በ2018 ታወቀ።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት አልፋ ሲኑክሊን በፓርኪንሰን በሽታ፣ ታው የተባለውም በአልዛይመር በሽታ በአንጎል ውስጥ ተጓጉለው ይገኛሉ። መድኃኒት የሚሠራ ኬሚስት አብዛኛውን ጊዜ በፕሮቲኑ ላይ መድኃኒቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል፤ መልኩ በየቅጽበቱ በሚለዋወጥ ፕሮቲን ላይ ግን ይህን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፕሮቲን እንዴት እንሣለው? የገበያን ቀን በአንድ ሰው ፎቶግራፍ ልንገልጸው አንችልም። ትክክለኛው ሥዕል አንድ ቅርጽ ሳይሆን ብዙ ሺህ ቅርጾች ከነድርሻቸው ናቸው። አንዱ ዘዴ እያንዳንዱን አቶም በኮምፒዩተር ማስላት ነው፤ ቀድሞ የነበሩት ቀመሮች ሰንሰለቱን ከልክ በላይ ያጨማድዱት ስለ ነበረ፣ በተለይ ከውሃ ጋር ያለው መሳሳብ መታረም አስፈልጎታል። ሌላው ዘዴ አንዱን አሚኖ አሲድ እንደ አንድ ዶቃ መቁጠር ነው፤ በዚህ መንገድ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በ2024 የሰውን 28,058 የማይረጉ ክፍሎች አስልተው አሳተሙ። ነገር ግን ብዙ የተለያዩ የቅርጽ ስብስቦች አንድ ዓይነት አማካይ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ስሌቱ በአንድ ሳይሆን በልዩ ልዩ የላቦራቶሪ ልኬቶች መፈተን አለበት።

አልፋፎልድ የተባለውን ፕሮግራም የሠሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 ከኬሚስትሪው ኖቤል ሽልማት ግማሹን ተካፍለዋል፤ ክብሩ ይገባቸዋል። ፕሮግራሙ ለማይረጋው ክፍልም ቢሆን መስመር ይሥላል፤ ከጎኑ ግን ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የእምነት ቁጥር ይጽፋል። ከ50 በታች የሆነው እንደ ቅርጽ መነበብ የለበትም። ማሽኑ በሐቅ የተናገረውን ቁጥር ሥዕሉን የሚገለብጠው ሰው ከጣለው፣ ስሕተቱ የማሽኑ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በክፍልም ሆነ በጽሑፋችን የፕሮቲን ሥዕል ስናቀርብ የእምነቱን ቁጥር አብረን እናቅርብ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ከጓጉንቸሩና ከመክፈቻው ትምህርት ቀጥሎ ለማይረጉት ፕሮቲኖችም አንድ ሰዓት እንዲሰጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የዶቃውን ስሌት ለአንድ ሰንሰለት ለመሥራት ተራ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ ትልቅ ላቦራቶሪ እስኪሠራልን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም።